ሰንጢ ሲመርጡ፦ ከቀዩ የስዊስ እስከ ባለ ፒንሳው ሌዘርማን

ቦሩ ሜዳ ለክርክር አዲስ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ሊቃውንቱን ሰብስበው የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱት በዚሁ ሜዳ ነው። ዛሬ ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ሻይ ይዘው የሚከራከሩ ወጣቶች ጉዳያቸው ቀለል ይላል፤ የኳስ ቡድን፣ የስልክ ዓይነት፣ አንዳንዴም ከውጭ የገባ ዘመድ በሻንጣው ይዞት የመጣው ባለ ብዙ መሣሪያ ሰንጢ። አንዱ «የስዊስን የሚያህል የለም» ይላል። ሌላው «ፒንሳ የሌለው ምን ሊረባ፣ ሌዘርማን ነው እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ከገበያ የገዛውን የቻይና ሰንጢ አውጥቶ «ይኼስ ምን ጎደለው? አሥራ አምስት ነገር አለበት» ይላል።

ይህ ጽሑፍ ከሦስቱ አንዱን ለመግዛት፣ ወይም ለሚመጣ ዘመድ «ይህን አምጣልኝ» ለማለት ላሰበ ሰው ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ የመሣሪያው ብዛት የሚጠቅመው ሻጩን ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ቦሩ ሜዳ ለሚኖር ሰው የሚበጀው ሰንጢ በየቀኑ የሚሠራበትን አንድ ሁለት ሥራ በደንብ የሚሠራ፣ ሲዶለዱም በቅርብ በሚገኝ ድንጋይ የሚሳል፣ ሲላላ ደግሞ ወደ ፋብሪካው መላክ ሳያስፈልግ የሚሰነብት ነው። ፋብሪካዎቹንም የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው።

መጀመሪያ ሥራዎን ይዘርዝሩ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ትንሽ ወረቀት በኪስዎ ይያዙ። «ምነው ቢላ በኖረኝ»፣ «ካቻቪቴ የት ላግኝ» ባሉ ቁጥር ሥራውን ይጻፉት። በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቱን ሲያዩት ሥራው በሦስት ይከፈላል፦ መቁረጥ፣ መፍታትና ማሰር፣ ቆንጥጦ መያዝ።

ቦሩ ሜዳ ላይ እርሻና ከብት ያለው ሰው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ መቁረጥ ይበዛበታል። የማዳበሪያ ከረጢት አፍ መክፈት፣ ገመድ መቁረጥ፣ ዝናብ የመታው ቋጠሮ መፍታት፣ የባሕር ዛፍ ቀንበጥ መመልመል፣ አልፎ አልፎ የሶላር መብራት ወይም የሬዲዮ ክዳን መክፈት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የጥገና ሰው ወይም የቤት ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ባለሙያ ደግሞ ሽቦ መላጥና መቁረጥ፣ ብሎን ቆንጥጦ መያዝ፣ የተጣመመ ነገር ማቅናት ይበዛበታል። በሐረጎ ቁልቁለት የሚመላለስ ሾፌር ከሁለቱም ይወስዳል፤ የውሃ ጎማ ማሰሪያ የሚያጠብቅ ጠፍጣፋ ካቻቪቴም፣ የላላ ነገር በሽቦ የሚያስር ፒንሳም ያሻዋል። ቢሮ የሚውል ሰው ወይም ተማሪ ብዙ ጊዜ መቀስ፣ ጠርሙስ መክፈቻና ትንሽ ስለት ይበቃዋል።

መቆንጠጥና ሽቦ ከወረቀትዎ ሲሶውን ያህል ከያዙ የእርስዎ ነገር ባለ ፒንሳው ነው። ካልሆነ ባለ ፒንሳውን ለማሳያ ብለው አይሸከሙት፤ ክብደቱ ኪስ ያወርዳል። ሌዘርማን ዌቭ የሚባለው 241 ግራም ይመዝናል። የስዊሱ ስፓርታን 60 ግራም ገደማ ነው። አራት እጥፍ ልዩነት ቀኑን ሙሉ ለሚራመድ ሰው ቀላል አይደለም፤ የከበደው ደግሞ ሄዶ ሄዶ ቤት ይቀመጥና በሚፈለግበት ሰዓት አይገኝም።

ከወረቀቱ ላይ የሚሰርዙት አንድ ሥራ አለ። ለዒድም ሆነ ለፋሲካ በግ የሚታረደው ማጠፊያ በሌለው ረዘም ባለ ቢላ ነው። ታጣፊ ሰንጢ ለእርድ አይሆንም፤ ደሙና ስቡ ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ ይሸታል፣ ብረቱንም ይበላል። እጅ ላይ የመታጠፍ አደጋውም አለ።

ፋብሪካዎቹን ይወቁ

የዚህ ክፍል ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካርል ኤልስነር የተባለ ቢላ ሠሪ በ1884 በስዊዘርላንድ ሽቪትስ ግዛት፣ ኢባኽ በምትባል ቦታ ሥራ ቤት ከፈተ። በዚያን ዘመን የስዊስ ጦር አዲስ ጠመንጃ ታጥቆ ነበር፤ ወታደሩ ጠመንጃውን ለመፍታት ካቻቪቴ፣ የታሸገ ምግቡን ለመብላት የቆርቆሮ መክፈቻ አስፈለገው። ሁለቱን ከስለትና ከወስፌ ጋር በአንድ እጀታ የያዘ ሰንጢ ይሠራ ተባለ። የመጀመሪያው ትእዛዝ የሄደው ግን ወደ ጀርመን፣ ዞሊንገን ከተማ ነበር፤ ያን ያህል ቁጥር የሚያደርስ ፋብሪካ ስዊዘርላንድ ውስጥ አልነበረምና። ኤልስነር ይህ ስላልተዋጠለት በ1891 ለአገሩ ጦር ራሱ ማቅረብ ጀመረ።

ለገዢ የሚጠቅመው ታሪክ ከዚህ ይቀጥላል። የወታደሩ ሰንጢ ጠንካራ ቢሆንም ይከብድ ነበር። ኤልስነር በ1897 ቀለል ያለ፣ ሁለተኛ ስለትና የወይን ቡሽ መንቀያ የተጨመረበት የመኮንን ሰንጢ አስመዘገበ። ብልሃቱ ያለው በሞላው ላይ ነው፦ በጀርባ በኩል ያለው ያው አንድ ሞላ ከላይ የሚከፈተውንም ከታች የሚከፈተውንም መሣሪያ ይይዛል። ዛሬ በእጅዎ የሚይዙት ቀዩ ሰንጢ ስስ ሆኖ ብዙ ነገር የሚሸከመው በዚህ ነው። ስለዚህ የስዊስ ሰንጢ ሲፈትሹ አብልጠው የሚመረምሩት ሞላውን ነው። አንዱ ሞላ ከሰነፈ በላይም በታችም ያሉት መሣሪያዎች አብረው ይላላሉ።

ኤልስነር እናቱ በ1909 ስታርፍ ስሟን ቪክቶሪያን የምርቱ መጠሪያ አደረገው። በ1921 የማይዝግ ብረት መጠቀም ሲጀመር በፈረንሳይኛ የዚህ ብረት ምልክት የሆነው «ኢኖክስ» ተጨመረና ቪክቶሪኖክስ ተባለ።

ተቀናቃኙ ቬንገር ነበር። መቀመጫው በፈረንሳይኛ ተናጋሪው በኩል፣ ዴሌሞን ከተማ ነው። መንግሥት ሁለቱን አካባቢዎች ላለማስቀየም ከ1908 ጀምሮ የጦሩን ትእዛዝ እኩል አካፈላቸው። ቪክቶሪኖክስ የኔ «ኦሪጂናል» ነው ሲል፣ ቬንገር የኔ «ጄኒዩን» ነው እያለ መቶ ዓመት ያህል ጎን ለጎን ሸጡ። በ2005 ቪክቶሪኖክስ ቬንገርን ገዛው፤ በ2013 ደግሞ የቬንገር ሰንጢዎች ወደ ቪክቶሪኖክስ ስም እንዲጠቃለሉ ተወሰነ። ዛሬ በሻንጣና በሰዓት ላይ የቬንገርን ስም ቢያዩም አዲስ ሰንጢው በዚያ ስም አይሠራም።

አሮጌ ቬንገር ቢያጋጥምዎ ግን አይናቁት። በምልክቱ ይለዩታል፦ የቪክቶሪኖክስ መስቀል በጋሻ ውስጥ ነው፤ የቬንገሩ ጥጉ በጎበጠ አራት ማዕዘን ውስጥ ነው። መጠኑም 85 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ከ91 ሚሊ ሜትሩ የመኮንን ሰንጢ ያጥራል። እኔ ቬንገርን የምወድለት በመቀሱ ነው። የቪክቶሪኖክስ መቀስ የሚመለሰው በአንዲት ቀጭን ሞላ ነው፤ እሷ ከተሰበረች መቀሱ ሥራ ይፈታል፣ መለዋወጫውም ከውጭ ነው የሚመጣው። የቬንገሩ መቀስ የሚሠራው በራሱ ክንድ ግፊት ስለሆነ ያቺ የምትሰበር ነገር የለችበትም። በገበያ የተሸነፈው ፋብሪካ እዚህ ላይ በንድፍ በልጦ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሌዘርማን የመጣው ከሌላ ችግር ነው። ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር መኪናው በየመንገዱ እየቆመ አስቸገረው። በኪሱ የነበረው ተራ ሰንጢ ዳቦም ቆረጠ፣ ብሎንም ነካካ፤ የጎደለው ፒንሳ ነበር። መኪናው ፊያት 600 ነው ይባላል፤ አዲስ አበባ በሰማያዊና ነጭ ቀለም ታክሲ ያደረገችው ያው ሴይቼንቶ ማለት ነው። የእኛ ታክሲ ነጂዎች ከመቀመጫ ሥር ሙሉ የመፍቻ ከረጢት ይዘው ስለሚዞሩ ይህን ዕቃ መፈልሰፍ አላስፈለጋቸውም። ሌዘርማን ወደ ኦሪገን ተመልሶ ዓመታት ፈጅቶ ሠራው፣ በ1980 የባለቤትነት መብት አገኘ፣ በ1983 ደግሞ ከጓደኛው ጋር ኩባንያ አቋቁሞ መሸጥ ጀመረ። ፋብሪካው ዛሬም ፖርትላንድ ከተማ ነው።

እዚያው ፖርትላንድ ገርበር የሚባል ሌላ ፋብሪካ አለ። በ1939 የተመሠረተ ሲሆን በ1980ዎቹ ፊስካርስ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ገዝቶታል። የገርበር ፒንሳ መለያው አከፋፈቱ ነው፤ እጀታዎቹን መገልበጥ ሳያስፈልግ በአንድ እጅ ሲወነጭፉት አፉ ተንሸራቶ ይወጣል። በሌላ እጁ መሰላል ወይም ቧንቧ ለያዘ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ተንሸራታች ነገር አሸዋና አቧራ አይወድም፤ የመንገድና የግንባታ ሠራተኛ ከሆኑ በየጊዜው ማጠብ ይጠበቅብዎታል።

ቪክቶሪኖክስም ስዊስቱል በሚል ስም ባለ ፒንሳ ይሠራል። ፒንሳውን ሳይከፍቱ ሌሎቹን መሣሪያዎች ሁሉ ከውጭ ማውጣት ይቻላል፤ ሁሉም ይቆለፋሉ። በአሠራሩ ንጽሕና ከሁሉም የሚመረጥ ይመስለኛል። ከዌቭም የከበደ ነው።

ስለ ቻይናዎቹ ብዙ አልልም። ጋንዞ፣ ሮክሰን፣ ኔክስቱል የሚሉ የራሳቸው ስም ያላቸው ፋብሪካዎች አሉ፤ ስማቸውን የሚጠብቁ በመሆናቸው ከስም የለሹ የገበያ ዕቃ ይሻላሉ። ስም የለሹን ከገዙ ግን እንደ ጠርሙስ መክፈቻ ቆጥረው ይግዙት። ከሁሉም የከፋው የሌላውን ስም ለብሶ የሚመጣው አስመሳይ ነው፤ ዋጋው የእውነተኛውን ያህል፣ ብረቱ የስም የለሹን ያህል።

ብረቱን ይጠይቁ፣ ግን በጠንካራነቱ አይታለሉ

ሻጭ «ብረቱ በጣም ጠንካራ ነው» ሲልዎ ደስ አይበልዎት። የቪክቶሪኖክስ ስለት 0.5 በመቶ ገደማ ካርቦንና ከ13 እስከ 15 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ነው፤ ሮክዌል በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ 56 አካባቢ ይደርሳል። ሌዘርማን ዌቭ 420ኤችሲ የሚባል ተቀራራቢ ብረት ይጠቀማል። ሁለቱም ቶሎ ቶሎ መሳል ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን በማንኛውም ተራ መሳያ ድንጋይ በደቂቃዎች ይሳላሉ።

ወደ ውዱ ሲወጡ ነገሩ ይቀየራል። ቻርጅ በሚባለው የሌዘርማን ዓይነት ላይ ኤስ30ቪ እና 154ሲኤም የተባሉ ብረቶች ተሠርቶባቸዋል። ስለታቸው ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሲዶለዱም ግን፣ በተለይ ኤስ30ቪ፣ በተራ ድንጋይ እሺ አይልም፤ የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል። የአልማዝ መሳያ አብሮ ካላስመጡ ውዱ ሰንጢ ከዓመት በኋላ ከርካሹ የባሰ ዱልዱም ሆኖ ይቀመጣል። እኛ አገር መሳያ ድንጋይ በየቤቱ አለ፤ ለዚያ ድንጋይ የሚታዘዝ ብረት ይምረጡ።

የማይዝግ የሚባለውም ቃሉ እንጂ ነገሩ ፍጹም አይደለም። ሎሚ፣ ጨውና በረኪና ያነቅዙታል። በረኪና በተለይ በብረቱ ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሰንጢን በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ ማበላሸት ነው።

በእጅዎ ይዘው ይፈትሹ

ደሴ ሰኞ ገበያም ይሁን መርካቶ፣ ወይም የጎረቤት ልጅ «ልሽጥልህ» ብሎ ያመጣው፣ ምርመራው ያው ነው። ሻጩ ቢቸኩልም እርስዎ አይቸኩሉ።

ዘግተው ወደ ብርሃን ያንሡት። በንጣፎቹ መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ፣ ወይም ስለቱ መሀል ላይ ሳይሆን ወደ አንዱ ጎን ተጠግቶ ከተኛ ይተዉት።

ቀጥሎ ዋናውን ስለት በዝግታ ይክፈቱ። ደኅና የስዊስ ሰንጢ ሲከፈትም ሲዘጋም «ቀጭ» ይላል፤ ሊከፈት ወይም ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው በራሱ ኃይል ወደ ቦታው ይገባል። የተከፈተውን ስለት በሁለት ጣት ይዘው ግራና ቀኝ ያወዛውዙ። ትንሽ እንኳ ቢላወስ ያ ሰንጢ ወይ ያረጀ ነው ወይ አስመሳይ ነው። ከዚያ ሌሎቹን ሁሉ እንዲሁ፤ ማንም የማይከፍተው ወስፌ እንኳ አይቅር፣ አስመሳይ ሠሪ የሚሰንፈው እዚያ ላይ ነው።

በዋናው ስለት ሥር፣ ከማጠፊያው አጠገብ፣ የፋብሪካው ስምና «ስዊስ ሜድ» የሚለው በብረቱ ላይ ታትሞ መታየት አለበት። በተለመደው ቀይ ፕላስቲክ እጀታ ላይ ያለው ምልክት በቀለም የተቀባ ሳይሆን ተቀርጾ የገባ ብረት ነው፤ በጥፍርዎ ቢፍቁት አይነሣም።

ፒንሳ ካለው አንድ ቅጠል ወረቀት በጫፉ ቆንጥጠው ይሳቡ። ወረቀቱ ካመለጠ ጫፎቹ አይገጥሙም ማለት ነው። የሽቦ መቁረጫውን በመዳብ ሽቦ ይሞክሩት፤ በምስማር ወይም በሞላ ሽቦ አይሞክሩ፣ ጠንካራ ብረት ጥርሱን ያነቁረዋል። እዚህ ላይ ሌዘርማኖቹን እርስ በርስ የሚለያያቸው ነገር አለ፦ ሪባር እና በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2018 ወዲህ የወጣው ዌቭ ፕላስ መቁረጫቸው ተፈትቶ ይቀየራል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከሆኑ ከዚህ ውጭ ያለውን አይመልከቱ። ይህን እያነሣሁ ሳለ፣ እጀታው ሙሉ በሙሉ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። 220 ቮልት ያለበት መስመር ላይ ቆጣሪውን ሳያጠፉ ሌዘርማን መስደድ ሞት መጋበዝ ነው። ለኤሌክትሪክ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ እጀታው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፒንሳ አለ።

መቆለፊያውን ይጠይቁ። 91 ሚሊ ሜትሩ የስዊስ ሰንጢ ስለት አይቆለፍም፤ የሚይዘው ሞላው ብቻ ነው። ለመቁረጥ ይበቃል። ለመውጋት ወይም ለመቦርቦር ግን ስለቱ ጣትዎ ላይ ሊታጠፍ ይችላል። ከቆዳና ከወፍራም ከረጢት ጋር የሚውል ሰው 111 ሚሊ ሜትሩን፣ ስለቱ የሚቆለፈውን ይፈልግ።

የመጨረሻው ፈተና ቦሩ ሜዳን የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያስበው ነው። ጥቅምትና ኅዳር ማለዳ፣ ውርጭ ሜዳውን ባለበሰበት ሰዓት፣ የደነዘዘ ጣት ጥፍር ታስገቡበታላችሁ ተብሎ በተቆረጠ ጠባብ ጎድጎድ ስለት አያወጣም። ስለዚህ እጅዎን በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው ይክፈቱት። ካቃተዎ ክረምትና ብርድ ላይ ያቅትዎታል፤ በአውራ ጣት የሚገፋ ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ። ባዶ ብረት የሆነው እጀታም በዚያ ሰዓት እንደ በረዶ ይይዛል፤ ፕላስቲክ የለበሰው የስዊሱ ይሻላል። ኮምቦልቻ ወርደው ለሚሠሩ ይህ ችግር የለም፤ የእነሱ ጣጣ ላብና የሰው እጅ ጨው ስለሆነ መጥረግን አይርሱ።

እንግዲህ የትኛውን?

ከስዊሶቹ ለገጠርም ለከተማም መነሻ የሚሆኑት ሁለት ናቸው፦ ስፓርታን እና ቲንከር። ልዩነታቸው ጀርባ ላይ ነው። ስፓርታን የወይን ቡሽ መንቀያ አለው፤ ቲንከር በዚያ ቦታ ባለ መስቀል ካቻቪቴ። ወሎ ውስጥ የወይን ጠርሙስ በየቀኑ የሚከፍት ሰው ጥቂት ስለሆነ ቲንከር ይሻላል ለማለት ይቀላል። የጠመዝማዛው መንቀያ ግን ሌላ ሙያ አለው፦ ጭነት ላይ የጠበቀ የገመድ ቋጠሮ መሀል አስገብተው ሲስቡት ይፈታል። አህያና በቅሎ የሚጭን ሰው ስፓርታን ይውሰድ፣ ዕቃ የሚፈታ ሰው ቲንከር። የቆርቆሮ መክፈቻው ጫፍም ብዙ ባለ መስቀል ብሎኖችን ስለሚፈታ ስፓርታን የያዘ ሰው ከነአካቴው ባዶ እጁን አይደለም። መጋዝና መቀስ ከፈለጉ ሀንትስማን የሚባለው አለ፤ ክብደቱ ወደ 97 ግራም ይወጣል፣ መጋዙም ቀንበጥና ትንሽ እንጨት ላይ ከመጠኑ በላይ ይሠራል።

ፒንሳ ለሚያስፈልገው ሰው ዌቭ ፕላስ ወይም ሪባር። ዋናውን ስለት ፒንሳውን ሳይከፍቱ ከውጭ ማውጣት ከፈለጉ ዌቭ ነው። ሪባር ስለቱን ከውስጥ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው ፒንሳ ለሆነ ሰው ነው የሚመቸው። ስፓርታን ከዌቭ ዋጋ ግማሽ እንኳ አይሞላም። አንዳንድ ሰው ስፓርታንና ከገበያ የሚገዛ ደኅና ተራ ፒንሳ ቢይዝ በአነስተኛ ገንዘብ የተሻለ ያገኛል፤ ፋብሪካ ለሚውል የጥገና ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፣ የመሣሪያ ሳጥኑ አጠገቡ ነውና።

ስለ ዋስትና ይነገርዎታል። ቪክቶሪኖክስ ለብረቱና ለአሠራሩ ጉድለት ዕድሜ ልክ፣ ሌዘርማን 25 ዓመት ይሰጣል። ሁለቱም ያከብሩታል። ይሁንና ዋስትናው የሚሠራው ሰንጢው ወደ እነሱ ሲደርስ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚመላለስ ዘመድ ካለዎት ቁጥር ውስጥ ያስገቡት፤ ከሌለዎት ዋጋ ሲያወዳድሩ ከሒሳብ ያውጡት። አሜሪካ ላለ ዘመድ አንድ ጥቆማ፦ ከመንገደኞች በአውሮፕላን ማረፊያ የሚወሰዱ ሰንጢዎች በብዙ ክፍላተ ግዛት በመንግሥት የትርፍ ዕቃ መሸጫ በኩል በቅናሽ ይሸጣሉ። ያገለገለ የስዊስ ሰንጢ በዚያ መንገድ ማግኘት ይቻላል።

ከገዙ በኋላ

መሳሉ ቀላል ነው። ድንጋዩን በውሃ ያርጥቡት። ስለቱን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ያን ግማሽ ያድርጉት፣ እንደገና ግማሽ ያድርጉት፣ ከዚያ ጥቂት ዝቅ። አሁን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ልክ ላይ ነዎት። ከእጀታው ወደ ጫፉ እየሄዱ ድንጋዩን ሊልጡ እንደሆነ ያህል ወደፊት ይግፉ፤ በአንዱ ጎን ጠርዙ ላይ ሻካራ ነገር በአውራ ጣት እስኪሰማዎ ድረስ፣ ከዚያ በሌላው ጎን ያንኑ ያህል። ሻካራው የሚሰማው ጣትን ከስለቱ ጀርባ ወደ ጠርዙ ሲያንሸራትቱ ነው፤ በስለቱ ርዝመት ጣት አይሂድ። መጨረሻ ላይ ጫናውን ቀንሰው ተራ በተራ ጥቂት ጊዜ ይመላልሱት።

ድንጋይ ከሌለ የቡና ሲኒ ይገልብጡ። መቀመጫው ላይ ያለው ያልተቀባ ሻካራ ቀለበት የተዳከመ ስለትን ደኅና አድርጎ ያነቃል። ብረቱ ሲኒው ላይ ጥቁር መስመር ይተዋል፤ ስለዚህ ለእንግዳ የሚወጣውን ረከቦት አይንኩ፣ አፉ የተሸረፈውን ሲኒ ይጠይቁ።

ሲቆሽሽ ሁሉንም ከፍተው ሞቅ ባለ ውሃና ሳሙና ውስጥ ደጋግመው ይክፈቱ ይዝጉት፣ በደንብ ያድርቁት፣ ከዚያ በየማጠፊያው አንድ ጠብታ ዘይት። ዘይቱ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይሁን። የኑግ ዘይት አይጠቀሙ፤ አየር ሲያገኘው ይወፍርና ይጣበቃል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰንጢው እንደ ሙጫ ይይዛል። ሌላውም የምግብ ዘይት ከዚህ ብዙ አይሻልም።

በስለቱ መፈልቀቅ፣ በእጀታው ምስማር መምታት፣ በካቻቪቴው ጎማ ማንሣት የለም። ተሰብሮ የሚመጣው አብዛኛው ሰንጢ የሚሰበረው በፋብሪካው ጥፋት አይደለም፤ ጫፉን ሳንቃ ሥር ሰክቶ በመጠምዘዝ ነው።

ፍተሻ ባለበት ቦታ፣ ባንክም ይሁን ስታዲየም፣ የሕዝብ በዓልም ይሁን የመንገድ ኬላ፣ ለእርስዎ የሥራ ዕቃ የሆነው ለፈታሹ ሰንጢ ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ አይግቡ፤ ቤት ያስቀምጡት ወይም ከመሣሪያ ሳጥን ጋር ያድርጉት፣ በኪስ ሳይሆን። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሲነሡ፣ ወይም ዘመድዎ ከውጭ ሲያመጣልዎ፣ ቦታው ለጭነት የሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ብቻ ነው። በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ሊወሰድ ይችላል፤ 58 ሚሊ ሜትር የሆነችው ክላሲክ የተባለችው ትንሿም ብትሆን ላትታለፍ ትችላለች። እሷ ብዙ ጊዜ የቁልፍ መያዣ ላይ ተንጠልጥላ ስለምትረሳ ከቤት ሳይወጡ ቁልፎችዎን ይመልከቱ።